ከካልካታ ጨረታ እስከ ጄኖቫ ወደብ

የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ሲነሳ በዓይነ ኅሊናችን ቶሎ የሚመጣው በሌሊት ድንበር የሚያቋርጥ ኮንትሮባንዲስት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ አይካድም። ታሪኩን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ግን የዚህ ንግድ ዋና ጉልበት ያለው በጠራራ ፀሐይ፣ በማኅተምና በደረሰኝ በሚሠሩት እጅ ነው። ለዚህም መነሻቸው አንድ ሀገር፣ ማለትም ሕንድ የሆነ ሁለት ታሪኮችን እናንሳ። በመካከላቸው ወደ 180 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የኦፒየም ታሪክ ነው፤ ዐረቦች አፍዩን ይሉታል። ቻይና የኦፒየምን ሽያጭ በ1729 በአዋጅ ከልክላ ነበር። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ደግሞ ከ1773 ጀምሮ በቤንጋል ንግዱን ለብቻው ያዘ። ገበሬው ለኩባንያው ያስረክባል፤ ኩባንያው በፓትናና በጋዚፑር አዘጋጅቶ በሣጥን ያሽጋል፤ ከዚያም ካልካታ ላይ በይፋ ጨረታ ይሸጣል። እዚህ ላይ እጁን ይታጠባል። በራሱ መርከቦች ኦፒየም ወደ ቻይና እንዳይጫን ከልክሏል፤ የሻይ ንግዱ እንዳይበላሽበት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መጣላት አይፈልግምና። በጨረታው የገዙት ሰዎች ዕቃውን ወዴት እንደሚወስዱት ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ነጋዴውም የራሱ ዘዴ ነበረው። ሣጥኑን ካንቶን ወደብ አያስገባም፤ ሊንቲን በምትባል ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥለው እንደ መጋዘን በሚያገለግሉ መርከቦች ላይ ያራግፋል። ቻይናዊው ገዢ ካንቶን ወዳለው የነጋዴው ቢሮ ሄዶ ዋጋውን በብር ማዕድን ይከፍላል፤ የሚቀበለው ግን አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ብዙ ቀዛፊ ያላት ፈጣን ጀልባ ያችን ወረቀት ይዛ ሊንቲን ትሄድና ሣጥኑን ትረከባለች። ገንዘቡ ባለበት ኦፒየም የለም፤ ኦፒየሙ ባለበት ገንዘብ የለም። ለመሆኑ ወንጀለኛው የትኛው ነው? ገበሬው? ጨረታ አውጪው? መርከበኛው? ሁሉም «እኔ ያደረግሁት ይችን ብቻ ነው» ይላል።

በመጋቢት 1839 ሊን ዜሹ የተባለ ሹም ከንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ተሰጥቶት ካንቶን ደረሰ። የውጭ ነጋዴዎችን አስጨንቆ ከ20,000 በላይ ሣጥን አስረከባቸው፤ በሰኔ ወር ሁመን ላይ በውሃ፣ በጨውና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው። ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን ያስረከቡት የእንግሊዝ ተወካይ ቻርልስ ኤልየት ዋጋውን መንግሥት እንደሚከፍላቸው ቃል ስለገባላቸው እንደሆነ ልብ በሉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1842 በናንጂንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን ከመስጠቷም በላይ 21 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተገደደች፤ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ ሊን ያስወገደው ኦፒየም ዋጋ ነበር። ሌባ ለተያዘበት ዕቃ ካሣ ተቀበለ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የትራማዶል ነው። ይህ መድኃኒት እንደ ኦፒየም በአንጎል ላይ ቢሠራም ከተክል አይገኝም፤ በፋብሪካ ከኬሚካል ይቀመማል። ስለዚህ ማሳም ዝናብም አይጠብቅም። አንድ የጀርመን ኩባንያ በ1962 ሠራው፣ በ1977 ለገበያ አቀረበው። በሀገራችንም ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዝ የታወቀ መድኃኒት ነው።

በግንቦት 2017 በጣሊያን ጄኖቫ ወደብ ሦስት ኮንቴይነሮች ተያዙ። ሰነዳቸው ብርድ ልብስና ሻምፑ ይላል፤ ውስጣቸው ግን 37 ሚሊዮን የትራማዶል ክኒን ነበር፤ ከሕንድ ተነሥቶ ወደ ሊቢያ የሚሄድ። በወቅቱ እንደተዘገበው ዱባይ ያለ አስመጪ ከሕንድ መድኃኒት ፋብሪካ በ250,000 ዶላር ገዝቶታል። ሒሳቡን ብትሠሩት አንዱ ክኒን አንድ የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው ሸጠ፣ አስመጪው ገዛ፣ መርከቡ ጫነ። የሊንቲን ወረቀት ተመልሳ መጣች።

በዚያው ዓመት መስከረም ኒጀር ውስጥ 3 ሚሊዮን ክኒን የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ በታተመባቸው ካርቶኖች ተጭኖ ተያዘ። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መሥሪያ ቤት እንደገለጸው፣ ከሰሐራ በታች ባሉ ሀገሮች በዓመት የሚያዘው ትራማዶል ከ2013 ወዲህ ከ300 ኪሎ ወደ ከ3 ቶን በላይ አድጎ ነበር። የክኒኑ መጠንም ራሱ ይመሰክራል። በሐኪም የሚታዘዘው የተለመደው እንክብል 50 ወይም 100 ሚሊ ግራም ሲሆን በምዕራብ አፍሪካ ገበያ የሚቸበቸበው 225 እና 250 ደርሷል። ይህን የሚያመርት ሰው ለማን እንደሚያመርት አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል? የሚውጡትም ድካምን ለመርሳት የሚሹ የቀን ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና ሞተረኞች ናቸው። በናይጄሪያ በተደረገና በ2019 በወጣ ጥናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲህ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን የተጠቀሙ ሰዎች 4.6 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል።

«ታዲያ ለምን በዓለም አቀፍ ሕግ አይታሰርም?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሞርፊን በ1961 ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር በመሆኑ በብዙ ድሃ ሀገሮች ለካንሰር ሕመምተኛ እንኳ አይደርስም። በቀዶ ጥገና ለቆሰለውና በሕመም ለሚቃትተው በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ይኸው ትራማዶል ነው። በሩ ለነጋዴው ሲዘጋ በሕመምተኛውም ላይ ይዘጋል።

ሕንድ በበኩሏ በሚያዝያ 2018 ትራማዶልን በአደንዛዥ ዕፅ ሕጓ ሥር አስገባች። ታፔንታዶል ከካሪሶፕሮዶል ጋር የተቀላቀለበት ክኒን ግን ፋንታውን ተካ። ይህ ቅልቅል በየትም ሀገር ለሕክምና ያልተፈቀደ ሲሆን፣ ከሕንድ ወደ ጋና፣ ናይጄሪያና ኮትዲቯር ይላክ እንደነበር ቢቢሲ በየካቲት 2025 ይፋ አደረገ። የሕንድ መንግሥት በዚያው ወር ምርቱንም ወደ ውጭ መላኩንም አገደ። ትራማዶል ቁጥጥር ሥር ከገባ ያኔ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።