በረኪና እና አቼቶ፦ የድመት ሽንት ሽታ ታሪክ ከጥንቷ ሮም እስከ ዓለም ባንክ የኪራይ ቤት



ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ቤት ከተከራዩ እናት የመጣ ጥያቄ ነው ያስጻፈን። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ተከራዮች ድመት ነበራቸው። ቤቱን በበረኪና ደጋግመው አጠቡት፣ እጣን አጨሱ፤ ሽታው ለሁለት ቀን ጠፍቶ ይመለሳል። በዚህ መሃል ትንሿ ልጃቸው ማሳል ጀመረች። «ሽታው ነው ወይስ ሌላ?» ይላሉ።

የእኛ ጥርጣሬ በረኪናው ላይ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ጤነኛ እንስሳ አሁን የሸናው ሽንት ብዙም አይሸትም። በውስጡ ያለው ዋናው ቆሻሻ ዩሪያ ይባላል፤ ሽታ የለውም። ሽታው የሚመጣው ሽንቱ ሲቆይ ነው። ይህን የጥንት ሮማውያን ምክንያቱን ሳያውቁ በሥራ ላይ አውለውታል። የሰው ሽንት በእንስራ አጠራቅመው፣ ካቆዩት በኋላ ልብስ ያጥቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ69 እስከ 79 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓዥያን እንዲያውም በዚህ ሽንት ላይ ግብር ጥሏል። ልብሱን ያነጣላቸው አሞንያ ነው፤ ዛሬ በዓለም ባንክ መኝታ ቤት ውስጥ አፍንጫን የሚወጋውም ይኸው አሞንያ ነው።

አሞንያው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ የቆየ ሽንት የሚለወጠው በሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አመለከተ። በኋላ ተሕዋስያኑ ዩሪያን የሚሰብሩበት መሣሪያ ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1926 ጄምስ ሰምነር የተባለ አሜሪካዊ ይህን ኢንዛይም ለብቻው አጣርቶ በክሪስታል መልክ አወጣው። ሰምነር በ17 ዓመቱ በአደን አደጋ ግራ እጁን ያጣ፣ ያውም ግራኝ የነበረ ሰው ነው። የኖቤል ሽልማቱን በ1946 ተቀበለ።

ስለዚህ ወለሉ ላይ የደረቀ ሽንት የሞተ ቆሻሻ አይደለም። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ተሕዋስያኑ እንደገና ሥራ ይጀምራሉ። በበጋ ጠፋ ያላችሁት ሽታ ሐምሌ ላይ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ድመት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የተባለ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አገኙ። ይህ ነገር ቀስ በቀስ ሲፈርስ የሚወጡት የድኝ ውህዶች ናቸው ያንን «የድመት» የምንለውን ልዩ ሽታ የሚሰጡት። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሁሉም የበለጠ ያመነጫል። የውሻ ሽንት በአንድ ሁለት እጥበት ለቆ የድመቱ የማይለቀው በዚህ የተነሳ ነው።

የእኛ አያቶች ይህን ችግር እንዴት ተወጡት? እውነቱን ለመናገር ብዙም አልገጠማቸውም። ውሻ ውጭ ነው የሚያድረው። ድመት ለአይጥ ሲባል ቤት ብትገባም ወለሉ አፈር ነው፤ በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። መለቅለቅ ማለት የቆሸሸውን ወለል በአዲስ ንጣፍ መሸፈን ነው፤ ዛሬ ቀለም ቀቢዎች ከሚሠሩት ሥራ በሐሳብ አይለይም። ከዚያ በላይ እጣን፣ ቀበርቾ፣ ወይራ ይጨሳል። ጭሱ ለአፍንጫ ደስ ይላል እንጂ ሽንቱን አይነካውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ለሚያስለው ልጅ ጭስ በራሱ በሽታ ነው።

አመድ የሚነሰንሱም አሉ። አመድ እርጥቡን መጥጦ ስለሚያነሳ ጥሩ ነው፤ ግን ወዲያው መጠረግ አለበት። የአመድ ጠባይ አልካሊ ነው፣ አልካሊ ደግሞ አሞንያን ከእርጥቡ አላቅቆ ወደ አየር ይለቀዋል። አመድ ነስንሳችሁ ሽታው የባሰባችሁ ካላችሁ፣ ስህተቱ የአፍንጫችሁ አይደለም።

የኪራይ ቤት ወለል ግን ሌላ ነው። ሊሾ ነው፤ ከላዩ ለስላሳ ቢመስልም ስንጥቁ ሽንት ይጠጣል። ወይም ፕላስቲክ ምንጣፍ ነው፤ ሽንቱ በጠርዙ ገብቶ ሥር ይቀመጣል። የጭቃ ግድግዳ ከታች ሲረጥብ እንደ ስፖንጅ ነው። ኮርኒሱንም አትርሱ! ድመቷ አይጥ እያሳደደች እዚያ ውላ እዚያ ታድራለች። ወለሉን አሥር ጊዜ አጥበው ሽታው ከላይ ሲወርድባቸው የኖሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ወደ በረኪና እንመለስ። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የመጣ ነው። ቫሬክ የባሕር አረም ነው፤ ድሮ ከአረሙ አመድ ሶዳ ይወጣ ስለነበር ስሙ ከዚያ ተወረሰ። ፈሳሹ ራሱ የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ በ1780ዎቹ ነው። ክሎድ ቤርቶሌ የተባለው ኬሚስት ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ አሳየ፤ ፓሪስ አጠገብ ዣቬል በምትባል መንደርም መመረት ጀመረ። በ1820ዎቹ አንትዋን ላባራክ የተባለ ፋርማሲስት የእንስሳት አንጀት የሚሠራባቸውን ቤቶችና የአስከሬን ክፍሎችን ክርፋት በዚሁ በክሎሪን ውህድ አጠፋ።

ሐኪሞች ሁሉ የምናውቀው ታሪክ ደግሞ የቪየናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዜመልቫይስ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እናቶችን የሚያዋልዱ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ክሎሪንን የመረጠው የአስከሬኑን ሽታ ከእጅ ስለሚያጠፋ ነበር። በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። በረኪና ክብሩን ያገኘው እንዲህ ነው፤ ክብሩም ይገባዋል። ኮሌራ በመጣ ጊዜ ያለ እሱ አንሆንም።

ሽንት ላይ ግን ጉዳዩ ይለያል። በረኪና ከአሞንያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። የጋራ መጸዳጃ ቤት በበረኪና ስታጥቡ ዓይናችሁ የሚያነባውና ጉሮሯችሁን የሚቧጥጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መስኮቷ በተዘጋች፣ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ፣ የቆየ የድመት ሽንት ላይ በረኪና አፍስሶ ሕፃን ማስተኛት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አስም ያለበት ሰው ሊነሳበት ይችላል። መጠኑ ከበዛ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፤ ይህም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ሁለተኛዋ የጣሊያን ቃል፦ አቼቶ። የሰላጣው አቼቶ አሲድ ነው። አሞንያን ይዞ ሽታ ወደሌለው ጨው ይለውጠዋል። ከበረኪና በጣም ይረክሳል ባንልም ጉሮሮ አይዘጋም። ነገር ግን በደማቁ ጻፉልኝ፦ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ጀርመኖች በኢፕር የጦር ግንባር የለቀቁት ጋዝ ማለት ነው። (ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. በእኛ ወታደሮችና ገበሬዎች ላይ ያዘነበው ሌላ ነው፣ የሰናፍጭ ጋዝ።) ቤቱ ቀድሞ በበረኪና ከታጠበ በብዙ ውሃ አጥቡት፣ አድርቁት፣ አናፍሱት፤ ወደ አቼቶ የምትሄዱት በማግሥቱ ነው።

አቼቶ አሞንያውን እንጂ የድመቱን ድኝ አይችለውም። ለዚያ መፍትሔው የመጣው ድመት ከሚያክል ሌላ እንስሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስከንክ የሚባል፣ ሲደነግጥ የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ እንስሳ አለ። የእሱም ሽታ የድኝ ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፖል ክሬባውም የተባለ ኬሚስት ቀላል ቅመም አሳተመ፦ 1 ሊትር ገደማ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ (ፋርማሲ ቁስል ማጠቢያ ብላችሁ ጠይቁ)፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና። ኦክስጅኑ የድኙን ውህድ ሽታ ወደሌለው ነገር ይለውጠዋል። ቤኪንግ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሱቅ ስትልኩ ልጁ እንዳይሳሳት።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ። ሐሰተኛ ብር መለያዋ ሐምራዊ መብራት በጨለማ የደረቀ ሽንትን ታበራለች፤ የቆዳ ሐኪሞችም ተመሳሳይ መብራት ይጠቀማሉ። ፕላስቲክ ምንጣፉን ገልጡ፣ ኮርኒሱን እዩ። ጓንት አድርጋችሁ በውሃ አጥቡና በጨርቅ አድርቁ። አቼቶን በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በውሃ አንሱት፣ ሊሾን ብዙ ከቆየ ይበላዋልና። እብነ በረድ ከሆነ አቼቶውን ተዉት። ሲደርቅ የክሬባውምን ቅመም አፍስሳችሁ እስኪደርቅ ተዉት። ቅመሙ ቀለም ያነጣል፤ በትንሽ ቦታ ሞክሩት። የተረፈውን ድፉት፤ በተከደነ ጠርሙስ ካስቀመጣችሁት ይፈነዳል። የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ግን አትልፉ፣ አውጡት።

ሊሾው በጣም ከጠጣ፣ ከደረቀ በኋላ ቀለም መቀባት ነው። ይህ የአከራይ ሥራ መሆን አለበት ብለን እናምናለን፤ የቀድሞ ተከራይ ድመት የአዲሷ እናት ዕዳ አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን መስኮቱ ተዘግቶ ባደረበት ጠዋት ሄዳችሁ አሽትቱት።

ከነፍሰ ጡሮች የሚመጣ ጥያቄም አለ፦ «የድመት ሽንት ጽንስ ይጎዳል?» የምትፈሩት ቶክሶፕላዝማ እ.ኤ.አ. በ1908 ቱኒስ ውስጥ በአንድ የበረሃ አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ተገኘ፤ ድመት እንደምታሰራጨው የተረጋገጠው ግን በ1970 ገደማ ነው። የሚተላለፈው በዓይነ ምድሯ ነው፣ በሽንቷ አይደለም። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ አትክልትም ያስተላልፉታል። የውሻና የአይጥ ሽንት ግን ሌፕቶስፓይራ ሊይዝ ይችላል፤ በቆሰለ እጅ እርጥቡን አትንኩ።

በረኪና ካጠባችሁ በኋላ ሳል፣ የደረት መጨምደድ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ ዓይናችሁን በብዙ ውሃ እጠቡ። ካልተሻለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ለጠያቂያችንም ያልነው ይኸው ነው፦ ልጅቷን ዛሬውኑ ያሳዩዋት።

የራሳችሁ ድመት በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረች ደግሞ ከመቅጣት በፊት ሕመም ጠርጥሩ። በተለይ ወንድ ድመት እያማጠ ጠብ ካላለለት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።