ከጉግስ ሜዳ እስከ ዙፋን ችሎት፤ ስለ ፈረስ ውድድር ዳኝነትና ስለ ይግባኝ

በኢትዮጵያ የዳኝነት ታሪክ ውስጥ ጐልተው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ፣ በፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው ወደ በላይ ዳኛ ለመድረስ የነበረው መብት ነው። በዋግ አገር ይህ ሥርዐት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው በሰሃላ የሚኖር ባላገር፣ በአካባቢው ሹም ፍርድ ያልረካ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩን ይዞ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ዋግ ሹሙ ችሎት ይወጣ ነበር። ዋግ ሹሙ ዘሩን ከዛጉዬ ነገሥታት የሚቈጥር፣ በትውልድ የሚሾም ታላቅ መኰንን ቢሆንም፣ ፍርዱ የመጨረሻ አልነበረም፤ ከርሱ በላይ አፈ ንጉሡ፣ ከአፈ ንጉሡም በላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ነበረ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ፍርድ ቤቶችን በአዲስ ደረጃ ካቆመ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ እንኳ ለዙፋን ችሎት ቦታ አልነፈገውም፤ ችሎቱ የቀረው በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ ነው።

በጥንቱ ሙግት ተከራካሪዎቹ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ ነበር። ነገር ግን በችሎት የውርርድ መያዣ የሆነው ፈረስ በሜዳ ሲጋልብ ከይግባኝ ውጭ ሆኖ ይገኛል። የፈረስ ጉግስ ሥርዐት እንደሚታወቀው፣ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ሲሸሽ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ብረት የሌለው ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። የመታውና የሳተው በተመልካች ፊት ስለሚታይ፣ ፍርዱ የሕዝቡ እልልታ ወይም ሣቅ ነው። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሆን መቈጣት እንደማይገባው በተለምዶ እንደሚነገረው ሁሉ፣ በጉግስም የተመታ ሰው ነገሩን ወደ ችሎት ቢወስድ ነውር ይሆንበታል።

ይህ ልማድ ፍትሕን እንደ መናቅ ሊቈጠር አይገባም። በመጀመሪያ፣ በጉግስ የሚገኘው ክብር እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሁለተኛም፣ ሸሺው ተራው ሲደርስ አባራሪ ስለሚሆን፣ የተበደለው ብድሩን በሚቀጥለው ዙር ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን የጉግስ ይግባኝ በጨዋታው ውስጥ አለ ለማለት ይቻላል።

በአፈ ታሪክ ከዋግና ከላስታ ወገን መጡ የሚባሉት የአዊ አገዎች ደግሞ የፈረስን ጨዋታ በማኅበር አጽንተውታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ በዓድዋ ጦርነት የወደቁትን ፈረሶች ጭምር ያስባል። በዚህም የፈረሰኛው ስም የግል ሀብቱ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ክብር ይሆናል።

የዘመናዊው ሕግ አሳብም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2068ኛው ቍጥር፣ በስፖርት ጨዋታ ላይ ሳለ ተጫዋችን ወይም ተመልካችን የጐዳ ሰው፣ ተንኰል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ የመጣስ ጥፋት ከሌለበት በቀር፣ ኀላፊ እንደማይሆን ይደነግጋል። እንግዲህ ሕጉ ተራውን ግጭት ለሜዳው ይተወዋል፤ ተንኰልንና ከባድ ጥሰትን ግን ለዳኛ ይጠብቃል።

ሽልማቱ ታላቅ ገንዘብ በሆነበት የፈረስ እሽቅድምድም ግን ጥያቄው ይከብዳል። በዚህ ውድድር የሚነሣው ዋና ክስ፣ ጋላቢው ከመስመሩ ወጥቶ የሌላውን ፈረስ መንገድ ዘጋ የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዶንካስተር በተደረገው የሴንት ሌጀር ውድድር፣ ቀድማ የገባችው ሲምፕል ቨርስ ቦንዲ ቢች የተባለውን ፈረስ ተጋፍታለች ተብሎ የውድድሩ ዳኞች ድሉን ነሷት። ባለቤቶቿ ግን ይግባኝ አሉ፤ በ12ኛው ቀን የይግባኙ ጉባኤ፣ ግፊያው ባይኖር ቦንዲ ቢች ይቀድም እንደ ነበር አልተረጋገጠም ሲል ድሉን መለሰላት።

በአሜሪካ ሚያዝያ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በኬንታኪ ደርቢ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ማክሲመም ሴኩሪቲ አንደኛ ከገባ በኋላ፣ ዳኞቹ ፊልሙን 22 ደቂቃ ያህል መርምረው መንገድ ዘግቷል በማለት ወደ 17ኛ ደረጃ አወረዱት። የግዛቱ ደንብ ለዚህ ዐይነት ውሳኔ ይግባኝ ስላልፈቀደ፣ ባለቤቶቹ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቢሄዱም በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሳቸውን ሳይቀበለው ቀረ።

ከነዚህ ነገሮች የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። በአንድ የሜዳ ፍርድ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው ምን ተደረገ የሚለው፣ ሁለተኛው የተደረገው ነገር ውጤቱን ለወጠ ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በሥፍራው የነበረ ዐይን ሊፈርደው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መገመት ስለሆነ፣ ስሕተት በቀላሉ ይገባበታል። ጉግስ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አያነሣም፤ ምክንያቱም በዚያ የመጨረሻ ውጤት የለም፣ ተራ ይለዋወጣልና። እሽቅድምድም ግን አንድ ጊዜ ተሮጦ ያበቃል፤ በአንድ የተሳሳተ ግምት የተነጠቀ ድል በሌላ ዙር አይመለስም። ስለዚህ የሜዳው ዳኛ ቃል የመጨረሻ መሆን የሚገባው ሜዳው ራሱ በደልን ሊመልስ በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። ያ በሌለበት ግን፣ የሰሃላው ባላገር ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ ዙፋን ችሎት ይወጣበት የነበረው መንገድ ለፈረሰኛም ክፍት ሊሆን ይገባል።