ዋት በኪሎ፡- የዳገቱ ሒሳብና ያልተጻፈው ወለል

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በሚመራቸው ውድድሮች አንድ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም በታች ሊመዝን አይችልም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ይህ ድንጋጌ፣ አምራቾች ክብደት ለመቀነስ ሲሽቀዳደሙ የተወዳዳሪውን ደኅንነት እንዳይዘነጉ የተቀመጠ ገደብ ነው፡፡ ብስክሌቱ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ግን እንዲህ ያለ ወለል አልተበጀለትም፡፡ ሌሎች አስበውበታል፡፡ በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር ከተወሰነው መጠን ያነሰ ተወዳዳሪ አጠር ያለ ሸርተቴ እንዲጠቀም ይገደዳል፡፡ አጭር ሸርተቴ የዝላዩን ርቀት ስለሚቀንስ መክሳቱ አያተርፈውም፡፡

ሕግ ዝም ባለበት ልማድ ይገዛል፡፡ ለዓመታት ብስክሌት ሲነዱ በቆዩ አማተሮች ዘንድ የሰፈነው ልማድ ደግሞ ዳገት የከበደው ሁሉ ምግብ ይቀንስ የሚል ነው፡፡ እኔ በበኩሌ ይህ ልማድ በሒሳብም በጤናም አያስኬድም ባይ ነኝ፡፡

ምጣኔው ምን ማለት ነው?

በትምህርት ቤት ክፍልፋይ ስንማር ከላይ ያለውን ቁጥር ላዕል፣ ከታች ያለውን ታሕት እንል ነበር፡፡ እዚህ ላዕሉ ብስክሌተኛው ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቆራርጥ ሊያመነጭ የሚችለው ጉልበት በዋት ሲሆን፣ ታሕቱ የሰውነቱ ክብደት በኪሎ ነው፡፡ 240 ዋት የሚያመነጭ 72 ኪሎ ሰው ምጣኔው 3.33 ይሆናል፡፡ በደንብ የሠለጠነ አማተር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባለው ውስጥ ይገኛል፡፡ በታላላቅ ውድድሮች ረጅም ዳገት ላይ የሚያሸንፉት 6 እና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፡፡

ሰዓት ሙሉ መሰቃየት ስለሚከብድ የተለመደው ፈተና የ20 ደቂቃ ነው፡፡ በ20 ደቂቃ ከተገኘው አማካይ ዋት 95 በመቶው ይወሰዳል፡፡ ፓወር ሜትር ውድ ነውና የሌለው አንባቢ ከፍታው የታወቀ ዳገት ይምረጥ፡፡ የራሱን፣ የብስክሌቱንና የያዘውን ውኃ ጠቅላላ ክብደት በ9.81 ያባዛ፤ ውጤቱን በወጣው ከፍታ በሜትር ያባዛና ለሰከንዱ ያካፍል፡፡ ለነፋስ፣ ለጎማና ለሰንሰለት የሚባክነውን ለማካካስ በ0.9 ሲያካፍለው ተቀራራቢ ዋት ያገኛል፡፡ ነፋስ በሌለበት ቀንና በተመሳሳይ ዳገት ከተደጋገመ ለውጥን ለመከታተል በቂ ነው፡፡

አንድ ማሳሰቢያ አለ፡፡ በውጭ አገር የሚታተሙት የደረጃ ሠንጠረዦች በአመዛኙ ለባሕር ወለል የተዘጋጁ ናቸው፡፡ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩን የለመደ ሰው እንኳ ከሰዓት ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፡፡ ስለዚህ ሰው ራሱን ማወዳደር ያለበት ከሠንጠረዡ ጋር ሳይሆን ባለፈው ዓመት በዚያው ዳገት ላይ ከነበረው ከራሱ ጋር ነው፡፡

ከላይ ወይስ ከታች?

500 ሜትር ከፍታ ያለው አቀበት እንውሰድ፡፡ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ጫማው 10 ኪሎ ይሁኑ፡፡ 72 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 240 ዋት ሰው አቀበቱን በ31 ደቂቃ ያህል ይወጣዋል፡፡ ዋቱ ሳይቀንስ 4 ኪሎ ቢቀንስ ምጣኔው 3.53 ሆኖ በ29 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ይደርሳል፡፡ ክብደቱን ሳይነካ 15 ዋት ቢጨምር ደግሞ ምጣኔው 3.54 ይሆናል፤ ሰዓቱም 29 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ፡፡

ምጣኔው እኩል ሆኖ ሳለ ዋት የጨመረው የቀደመበት ምክንያት ግልጽ ነው፡፡ ዳገት ላይ የሚጎተተው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ብስክሌቱም አለ፡፡ እሱ ደግሞ ጌታው ስለጾመ አይከሳም፡፡ በሜዳ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እዚያ የሚታገሉት ነፋስን ነውና 15 ዋት ያግዛል፣ 4 ኪሎ መክሳት ግን እምብዛም አይታወቅም፡፡

አሁን ሦስተኛውን ሰው እንይ፡፡ በጥድፊያ 4 ኪሎ ቀነሰ፤ ከስቡ ጋር ጡንቻም ስለሄደና ልምምዱን በባዶ ሆድ ስላደረገ 15 ዋት አጣ፡፡ ምጣኔው 3.31 ነው፡፡ አቀበቱን የሚወጣው በ31 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ነው፤ ከመክሳቱ በፊት ከነበረው ዘግይቶ ማለት ነው፡፡

ላዕሉን ማሳደግ

ጀማሪ ብስክሌተኛ ዝም ብሎ በመንዳቱ ብቻ ጉልበት ይጨምራል፡፡ ልምድ ያለው ሰው ግን መምረጥ አለበት፡፡ የአብዛኞቻችን ጉድለት ቀላሉን ቀን ማክበድ፣ ከባዱን ቀን ማቅለል ነው፡፡ ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆንና ሰውነት አያርፍም፤ አይገፋምም፡፡

በሳምንት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ሰው አብዛኛውን ሰዓት እየተነጋገረ ሊነዳ በሚችልበት ፍጥነት ያሳልፍ፡፡ ሁለት ቀን ግን ከባድ ይሁኑ፡፡ ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሴይለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በአማተር ብስክሌተኞች ላይ ከተሞከሩት ውስጥ የተሻለ ውጤት የሰጠው አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ፣ የልብ ምት ከከፍተኛው 90 በመቶ ገደማ ሲሆን መንዳት ነው፡፡ ሌላው ከባድ ቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ከሰዓት ጉልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ መንዳት ሊሆን ይችላል፡፡ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ አንድ ቀለል ያለ ሳምንት ያስፈልጋል፡፡

እንደ እኔ ሃምሳን ለተሻገረ ሰው ጂም ቅንጦት አይደለም፡፡ ጡንቻ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፡፡ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ተሸክሞ ስኳት መሥራት ያንን ያዘገያል፡፡ ብስክሌት አጥንት ላይ ጫና ስለማያሳርፍ ለአጥንትም ይጠቅማል፡፡

ታሕቱን መቀነስ

ትርፍ ስብ ያለው ሰው አይቀንስ እያልኩ አይደለም፡፡ ይቀንስ፤ ግን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አይበልጥ፣ ከውድድር ወቅት ውጪም ይሁን፡፡ ቅነሳው ከባድ ልምምድ ከሌለበት ቀን ማዕድ ላይ ይምጣ፡፡ ረጅምና ከባድ ጉዞ ላይ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ሁለት መካከለኛ ሙዝ 50 ግራም ገደማ ይሰጣሉ፡፡ ፕሮቲን በቀን ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ቢሆን ጡንቻን ይጠብቃል፡፡

ከዚህ በታች የሚበላ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይታወቃል፡፡ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣውና በ2018 እና በ2023 ባሻሻለው ሰነድ፣ የስፖርተኛ አንጻራዊ የኃይል እጥረት የሚባለው ችግር ሴትንም ወንድንም እንደሚያጠቃ አስፍሯል፡፡ ሆርሞን ይዛባል፤ የሴቷ የወር አበባ ይቆማል፤ አጥንት ይሳሳል፤ እንቅልፍና ስሜት ይናጋሉ፤ ጉዳት ይደጋገማል፡፡

ጾም ሲመጣ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፡፡ ብዙዎች ጾሙን ለመክሳት ጥሩ አጋጣሚ አድርገው ያዩታል፡፡ ነገር ግን 72 ኪሎ ሰው በቀን 115 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ያህል ነው፡፡ ሽሮው፣ ክኩና ሽምብራው ከወትሮው በእጥፍ ካልቀረበ እጥረቱ አይቀርም፡፡ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ብረት ለቀይ የደም ሴል አስፈላጊ በመሆኑ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረቱን እንዳይመጠጥ እንደሚያውኩ ማስታወስ ይገባል፡፡ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል፡፡ እስከ ከሰዓት የሚጾም ከባዱን ልምምድ ከምግብ በኋላ ያድርገው፡፡ በረመዳን ለሚጾም አንባቢም ምክሩ ያው ነው፤ ከባዱ ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ይሁን፡፡ የጾም ወራት የተገኘውን ማቆያ እንጂ አዲስ ከፍታ መፈለጊያ አይደሉም፡፡

ሦስት አንቀጾች

ሕግ ወለል ካላስቀመጠ አማተሩ ለራሱ ያስቀምጥ፡፡ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፡፡

አንቀጽ አንድ፡- ክብደት እየቀነሰ ዋቱም በሁለት ተከታታይ ፈተና ከቀነሰ፣ ቅነሳው በዚያው ቀን ይቆማል፡፡

አንቀጽ ሁለት፡- እንቅልፍ ከተዛባ፣ የወር አበባ ከቀረ ወይም ጉዳት ከተደጋገመ የሚታየው ሐኪም ነው፤ ሚዛን አይደለም፡፡

አንቀጽ ሦስት፡- በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው ስንት ኪሎ ቀነስኩ ሳይሆን ያንን ዳገት በስንት ደቂቃ ወጣሁት የሚለው ነው፡፡

እነዚህን የሚያስፈጽም ዳኛ የለም፡፡ አስፈጻሚውም ተጎጂውም ያው ብስክሌተኛው ነውና፣ የራሱን ደንብ ሲጥስ ይግባኝ የሚልበት ቦታ አይኖረውም፡፡