የሌሊት የጥርስ መከላከያ፦ ከቪየና እስከ ደሴ ፒያሳ

መግቢያ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ደሴ ፒያሳ የሚደርስ የጥርስ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለማስሞላት ነው። የአንዳንዱ ሕመምተኛ አቤቱታ ግን ከሌላው ይለያል። ጥርሱ አልተቦረቦረም፤ ድዱም አልቆሰለም። ሆኖም ጠዋት ሲነሣ መንጋጋው እንደሚዝል፣ ጆሮ ግንዱን እንደሚያመው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጥርሱን እንደሚጠዘጥዘው ይናገራል። ምክንያቱን ቀድሞ የሚያውቀው ሕመምተኛው ራሱ ሳይሆን አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያድረውን ድምፅ የሚሰማው እርሱ ነውና።

እንዲህ ላለው ሰው የሌሊት የጥርስ መከላከያ ሲታዘዝለት አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህን በአፌ ይዤ እንዴት እተኛለሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው የምቾት ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ግን የሕክምናው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ሆኖ ይገኛል።

ጥርስ ማፋጨት በቋንቋና በባህል

ጥርስ ማፋጨት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከልቅሶ ጋር ተጣምሮ ያውቀዋል። ቂም የያዘ ሰው «ጥርሱን ነከሰበት» ይባላል፤ መከራን በዝምታ የቻለም «ጥርሱን ነክሶ አለፈው» ይባልለታል። ቋንቋው ጥርስን ከቁጣ፣ ከሐዘንና ከትዕግሥት ጋር ያያያዘው ሳይንሳዊው ስያሜ ከመውጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው።

ልጅ በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ሲያፋጭ ግን የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ነው። ብዙ እናቶች ወስፋት እንዳለበት ይገምታሉ። እምነቱ በሌሎች አገሮችም የሚገኝ ሲሆን፣ በአንጀት ጥገኛ ትሎችና በጥርስ ማፋጨት መካከል ስላለው ግንኙነት የተደረጉት ጥናቶች አንድ ወጥ ውጤት አላሳዩም። ትል የተገኘበት ልጅ መታከም ያለበት በትሉ ምክንያት እንጂ ጥርሱን ስላፋጨ አይደለም። ጥርስ ማፋጨት በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል። መንጋጋቸው ገና በማደግ ላይ ስለሆነና ጥርሳቸውም ስለሚለወጥ የሌሊት መከላከያ ለእነርሱ የሚታዘዘው እምብዛም ነው።

የመሣሪያው ልደት

በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል የሚገባ ሽፋን የመጀመሪያ ተግባሩ እንቅልፍን የሚመለከት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ቶማስ ጋኒንግና ሌሎች የጥርስ ሐኪሞች የተሰበረ መንጋጋን ለመጠገን ቩልካናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ የተሠራ መደገፊያ ይጠቀሙ ነበር። ቩልካናይት ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ድድ የሚሠራውም ከዚሁ ነበር።

ይህን ዕቃ ወደ ሌሊት መከላከያነት የለወጠው በቪየና የሚሠራው ሞሪትስ ካሮሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የድድ በሽታ ከጥርስ ማፋጨት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጾ፣ ጥርሶችን የሚለያይ ሽፋን እንደ ሕክምና አቀረበ። የድድ በሽታ ዋና መንሥኤ በጥርስ ላይ የሚጋገር የባክቴሪያ ክምችት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ስለተረጋገጠ የካሮሊ ምክንያት በዋናነቱ አልጸናም። የሠራው ሽፋን ግን ከሐሳቡ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ስያሜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ማሪና ፒየትኪዬቪች በፈረንሳይኛ ባሳተሙት ጽሑፍ ችግሩን «ብሩክሶማኒ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ፍሮማን የሥነ አእምሮ ሕክምናን ከጥርስ ችግሮች ጋር አያይዞ ባቀረበው ጽሑፍ «ብሩክሲዝም» የሚለው ቃል ገባ። ቃሉ የተገኘው ጥርስ ማፋጨትን ከሚያመለክት የግሪክ ግሥ ነው። ሕክምናው በዚህ ጊዜ የአማርኛው አነጋገር ቀድሞ ከቆመበት ስፍራ፣ ማለትም ጥርስንና የልብን ጭንቀት ከሚያገናኘው ሐሳብ ላይ ደረሰ።

የአክሪሊክ ዘመን

እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ የቩልካናይትን ቦታ ያዘ። ሊሞረድና ሊለሰልስ የሚችል፣ ቀለሙም ደስ የሚል በመሆኑ የሽፋኑን ገጽ በአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ እየቀነሱ ማስተካከል ቀላል ሆነ። ለምቾት ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲጉርድ ራምፍዮርድና ሜጀር አሽ የቀረጹት ሽፋን እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ስም ይጠራል። የላይኛውን መንጋጋ ጥርሶች በሙሉ ይሸፍናል፤ ገጹ ለጥ ያለ ስለሆነ የታችኞቹ ጥርሶች ሳይደናቀፉ ይንሸራተቱበታል። ራምፍዮርድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመመዝገብ፣ ጥርስ ማፋጨት የሚነሣው ከላይኛውና ከታችኛው ጥርስ አለመግጠም መሆኑን አስረዳ። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት የሕሙማን ጤነኛ ጥርስ እየተሞረደ «ንክሻው» ይስተካከል ነበር።

ይህም ሐሳብ ቢሆን አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1984 ራህና ባልደረቦቹ ጥርስ በሚያፋጩ ሰዎች ላይ ሆን ብለው ከፍ ያለ የጥርስ ቆብ በመትከል ንክሻቸውን አዛቡ። እንደ ቀድሞው ሐሳብ ቢሆን ማፋጨቱ መብዛት ነበረበት፤ በአብዛኞቹ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቀነሰ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1964 የእንቅልፍ ምርመራ ውጤት መታተም ጀምሮ ነበር። የኋለኞቹ ጥናቶች ማፋጨቱ በአብዛኛው በቀላል እንቅልፍ ውስጥ እንደሚከሠትና ጥርስ ከመፋጨቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የአንጎልና የልብ እንቅስቃሴ እንደሚጨምር አሳዩ። መነሻው ጥርስ ሳይሆን እንቅልፍን የሚመራው የነርቭ ሥርዓት ሆኖ ተገኘ።

በሌሊት በጥርስ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ለመረዳት በጃፓን የተደረገ ጥናት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ይህ ጥናት 10 ሰዎች መለኪያ የተገጠመለት ሽፋን አድርገው እንዲተኙ ያደረገ ሲሆን፣ የተመዘገበው ከፍተኛ የንክሻ ኃይል 81 ኪሎ ግራም ያህል ደርሷል። ሰው ነቅቶ ሳለ የሚጠነቀቅበት ስሜት በእንቅልፍ ውስጥ እንደማይገታው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለስላሳው ወይስ ጠንካራው?

ሕመምተኛ እንዲመርጥ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ወደ ለስላሳው መከላከያ ነው። በፈላ ውሃ ተነክሮ በጥርስ እየተነከሰ ቅርጽ የሚይዘው ዓይነት ከሩቅ የሚዛመደው ቦክሰኞች ለጥርሳቸው ከሚያደርጉት መከላከያ ጋር ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ሐኪምም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ለአፍ የለሰለሰ ሁሉ ለጡንቻ ዕረፍት አይሰጥም። ኦክሰን እ.ኤ.አ. በ1987 በ10 ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት ጠንካራው ሽፋን በ8ቱ ላይ የሌሊት የጡንቻ እንቅስቃሴን ሲቀንስ፣ ለስላሳው የቀነሰው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በ5ቱ ላይ ይባስ ጨመረ። የተጠኑት ሰዎች ቁጥር ጥቂት ቢሆንም ውጤቱ ሐኪሞች ለብርቱ አፋጪ ጠንካራውን እንዲመርጡ ምክንያት ሆኗል። የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚይዙ ትናንሽ መሣሪያዎችም ቀለል ስለሚሉ ይወደዳሉ። ነገር ግን ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲደረጉ የኋላ ጥርሶች እንዲያድጉና የፊቶቹ እንዳይገጥሙ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ጠንካራውም ቢሆን ፈውስ አይደለም። ኮክሬን የተባለው የማስረጃ ግምገማ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ግምገማ ሽፋኑ የእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨትን ያክማል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ የጥርስን መበላት በመከላከል ግን ሊጠቅም እንደሚችል ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች በደረሱበት ስምምነትም ጥርስ ማፋጨት በሌላው ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ የጡንቻ ጠባይ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ እንዳልሆነ ተገልጿል።

እንግዲህ ስለ መንሥኤው የተሰጠው ማብራሪያ ከድድ ወደ ንክሻ፣ ከንክሻ ወደ እንቅልፍ ተለዋወጠ፤ ሽፋኑ ግን በየዘመኑ ጸንቶ ቆየ። ያቆየው አገልግሎቱ ቀላል መሆኑ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ገብቶ ጥርስ መበላቱ ቀርቶ እርሱ ይበላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን በአፍ ውስጥ ካደረ ብቻ ነው። የማይመች መከላከያ በሁለተኛው ሳምንት ከመሳቢያ ስለሚገባ፣ ምቾት ከሕክምናው ላይ የሚጨመር ትርፍ ሳይሆን የሕክምናው እምብርት ነው።

ደሴ ፒያሳ

ፒያሳ የሚለው ስም ጣልያንኛ ሲሆን አደባባይ ማለት ነው። የጥርስ ልክ የሚቀዳበት ጄሶም ስሙ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ስሞቹ ያለ ታሪክ አልመጡም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመትቷል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ የደሴ ሆስፒታል ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጓል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ አስቀድሞ የሚጠገነው ሕይወት አድኑ ክፍል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። የጥርስ ቴክኒሺያን ጠረጴዛ ግን ወረፋው ሩቅ ነው።

ምቹ መከላከያ ደግሞ በአንድ ጉብኝት አይሠራም። የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ልክ ይወሰዳል፤ ልኩ በጄሶ ይቀዳል፤ አክሪሊኩ በዚያ ላይ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ባለ ቀለም ወረቀት እያስነከሰ ከፍ ያለውን ነጥብ ይሞርዳል። ከሳምንት በኋላም ሕመምተኛው ተመልሶ መታየት ይኖርበታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልኩን እዚያ ያስወሰደ ሰው ለአንድ ነጥብ መሞረድ ይህን መንገድ ደግሞ ደጋግሞ እንደማይሄድ ግልጽ ነው። በመሆኑም የምቾት ጥያቄ የመልክዓ ምድርም ጥያቄ ነው፤ መከላከያው የሚመቸው የሚያስተካክለው እጅ በቅርብ ሲገኝ ነው።

ሐኪሙ ልክ ከመውሰዱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በጣልያን በ13,057 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጥርስ ማፋጨት ከጭንቀት፣ ከአልኮል፣ ከቡናና ከሲጋራ እንዲሁም በእንቅልፍ ጊዜ ከሚከሠት የትንፋሽ መቋረጥ ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። በወሎ ጫት መቃምም ከእነዚህ ጋር ሊጠየቅ ይገባዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ሲሆን፣ አምፌታሚን ጥርስ በማፋጨት የታወቀ ነው። ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ ሊያፋጩ ይችላሉ። መድኃኒቱን ግን ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ያዘዘውን ሐኪም ያማክር። በብርቱ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው አስቀድሞ ስለ ትንፋሹ መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ በ10 ሕሙማን ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት የላይኛውን ጥርስ የሚሸፍን መከላከያ በግማሾቹ ላይ የትንፋሽ መቋረጡን እንዳባባሰው አሳይቷልና።

ማጠቃለያ

ለሕመምተኛው የሚጠቅመው መለኪያ ቀላል ነው። ጥሩ መከላከያ ሲደረግ አይወዛወዝም፤ ድድን አይቆነጥጥም፤ ከንፈር እንዳይገጥም አያደርግም፤ የግራና የቀኝ ጥርሶችም በአንድ ጊዜ ያርፉበታል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ምራቅ መብዛቱና ጠበቅ ማለቱ የሚያሰጋ አይደለም። ጠዋት የሚቆይ ሕመም ወይም የንክሻ መለወጥ ግን ወደ ሐኪሙ የሚያስመልስ ነው። መከላከያው በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል። ለክትትል ሲኬድም አብሮ ይያዛል።

መከላከያው በጊዜ ብዛት ሲፋቅና ሲሰነጠቅ አንዳንዱ ሰው ገንዘቡ እንደ ባከነ ይቆጥራል። በሽፋኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ጭረት ግን ሽፋኑ ባይኖር ኖሮ በጥርሱ ላይ የሚያርፍ ነበር። የተበላ መከላከያ በሌላ ይተካል፤ የተበላ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም።