የትከሻ ውልቃት፡ ምርመራው፣ የቀዶ ሕክምናውና የአገልግሎት አሰጣጡ

ትከሻ ከሰውነታችን ትላልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በስፋት የሚንቀሳቀስ ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚወልቀውም እርሱ ነው። የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፈው ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ አጥንት ላይ በመሆኑ፣ በቦታው የሚያጸኑት በዋናነት ዙሪያውን ያሉ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ትከሻ በአደጋ ሲወልቅ እነዚህ ጅማቶች ይጎዳሉ፤ በአግባቡ ካልዳኑም ትከሻው በቀላል እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሊወልቅ ይችላል። ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡት በመጀመሪያው ውልቃት ጊዜ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆነ ወጣቶች ናቸው።

ትከሻ ሲወልቅ ምን መደረግ አለበት?

ክንዱን ሳያንቀሳቅሱ በነጠላ ወይም በሻሽ ከአንገት ላይ አንጠልጥሎ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። አምቡላንስ ካስፈለገ በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን መጥራት ይቻላል። በወጌሻ ማስጎተት አይመከርም። ውልቃቱ ስብራት ያለበት መሆኑ በራጅ ሳይረጋገጥ በኃይል መጎተት አጥንትን፣ ነርቭንና የደም ሥርን ሊጎዳ ይችላል። በተጨማሪም ሳይመለስ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ትከሻ በእጅ ለመመለስ አዳጋች ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ምርመራው

ሐኪሙ ትከሻው ስንት ጊዜ እንደወለቀና በምን ምክንያት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የክንዱን እንቅስቃሴ፣ የደም ዝውውርና የቆዳ ስሜት ይፈትሻል። ራጅ ከአንድ በላይ አቅጣጫ ይነሳል። የጅማት ጉዳትን ለማየት ኤም.አር.አይ፣ የአጥንት መጉደልን ለመለካት ደግሞ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለባቸው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ትከሻ ወደ ኋላ ሊወልቅ ስለሚችልና ይህም ከፊት ብቻ በተነሳ ራጅ ሊታለፍ ስለሚችል ነው።

ሕክምናው

የወለቀው ትከሻ በማደንዘዣ ወይም በማስታገሻ መድኃኒት ታግዞ ይመለሳል። ከዚያም ክንዱ ለተወሰኑ ሳምንታት ይታሰራል፤ ቀጥሎ ጡንቻን የሚያጠናክር ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። ይህ ተደርጎ ውልቃቱ የሚደጋገም ከሆነ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፦

• ባንካርት፦ ከአጥንት የተላቀቀውን ጅማት ወደ ቦታው መልሶ መስፋት ነው። ስያሜው ጉዳቱን እ.ኤ.አ. በ1923 ከገለጹት እንግሊዛዊ ሐኪም የመጣ ነው።
• ላታርዤ፦ የጎድጓዳው አጥንት ጠርዝ ሲጎድል ከአጠገቡ ካለ አጥንት ቆርጦ በቡሎን የማሰር ሕክምና ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱ በአማካይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል። ወደ ከባድ የጉልበት ሥራና ወደ ግጭት ያለበት ስፖርት ለመመለስ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒን ማቋረጥ ትከሻው እንዲደርቅ ሊያደርግ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሽታውን በመድኃኒት መቆጣጠር ይኖርበታል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በአምስት ኪሎና አካባቢው የምትኖሩ ወይም የምትማሩ ተገልጋዮች አዲስ ውልቃት ሲያጋጥማችሁ በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ትችላላችሁ። ለተደጋጋሚ ውልቃት ግን በቅድሚያ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ቀርባችሁ የሪፈር ወረቀት መያዝ ይኖርባችኋል። እንደ አስፈላጊነቱ እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ትላካላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያችሁን፣ እንዲሁም ሁሉም ታካሚዎች ቀደም ሲል የተነሣችሁትን ራጅ ይዛችሁ እንድትቀርቡ እናሳስባለን።