ሦስት ተኩል፦ የቦሎኛዋ ትንሽ ሞተር ሳይክል

እኛ መለዋወጫ ሸጠን የምናድር ሰዎች ለኢዮቤልዩ መጽሔታችን ጻፉ ስንባል ከምናውቀው ብንጀምር ይሻላል ብለናል። እዚህ ናይሮቢ የተወለዱ ልጆቻችን "ፕላግ" የሚሉትን እኛ ካንዴላ እንላለን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ቫልቮላም ከጣሊያንኛ ወደ አገራችን ጋራዦች የገቡ ቃላት ናቸው። ጣሊያን የመጣብን በክፉ ቀን ቢሆንም ቃሉ ቀርቶልናል። እንግዲያው ከቃሎቹ አገር የወጣ አንድ ጥሩ ሥራ እንተርክ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልፎንሶ ሞሪኒ በ1937 በቦሎኛ ከተማ የራሱን ፋብሪካ ሲያቋቁም መጀመሪያ የሠራው ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ሞተር ሳይክል ዞረ። ፋብሪካው ትንሽ ይሁን እንጂ ትልቅ የሚፈራ አልነበረም። በ1963 በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና ታርኲኒዮ ፕሮቪኒ ባለ አንድ ሲሊንደሯን ሞሪኒ ይዞ ባለ አራት ሲሊንደሩን ሆንዳ እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ተፈታተነው፤ የተበለጠውም በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። እኛ ይህን ሽንፈት ከብዙ ድል እናስበልጠዋለን።

አልፎንሶ በ1969 ሲሞት ቤቱን ሴት ልጁ ጋብሪዬላ ተረከበች። ጊዜው ከባድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደሩን 750 ለገበያ አቅርቧል። አባት የሌለው ትንሽ ፋብሪካ ከዚህ ጋር በገንዘብ መወዳደር አይችልም። የቀረው በሐሳብ መወዳደር ነበር። ለዚህም ከፌራሪ የመጣው ወጣት መሐንዲስ ፍራንኮ ላምበርቲኒ ደረሰላቸው። አዲሷ ሞተር ሳይክል በ1971 ሚላኖ ላይ ለእይታ ቀርባ በ1973 መሸጥ ጀመረች። ስሟ "ሦስት ተኩል" ነው፤ 350 ለማለት ነው፣ ልኩ ግን 344 ሲሲ ነው።

ሁለቱ ሲሊንደሮች በቪ ፊደል ቅርጽ በ72 ዲግሪ ተከፍተው ቆመዋል። የኋለኛው ነፋስ እንዲያገኝ ከፊተኛው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል። የሲሊንደሩ ስፋት 62 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 57 ነው። ስፋቱ ከጉዞው ስለሚበልጥ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ መዞር አይከብደውም።

ዋናው ብልሃት ግን ቴስታታው ላይ ነው። በብዙ ሞተር ነዳጁ የሚቃጠልበት ጉድጓድ የሚቦረቦረው ቴስታታው ውስጥ ነው፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ውድም ነው። ላምበርቲኒ ቴስታታውን ከሥሩ እንደ ምጣድ ለጥ አደረገና ጉድጓዱን የፒስተኑ ራስ ላይ አወጣው። ሄሮን የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ቫልቮላዎቹም ሳያጋድሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ወጪ ለመቆጠብ የሚመች መንገድ ነው፤ ደግሞም ሞተሯ በነዳጅ ቆጣቢነቷ የታወቀች ሆነች። ሲሲ ብቻ እየጠየቁን የሚሄዱ ደንበኞቻችን ይህን ቢያስተውሉ ደስ ይለናል።

ካምሻፍቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ተቀምጦ ለሁለቱም ያገለግላል። የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ያን ጊዜ በሞተር ሳይክል ላይ ብርቅ ነበር። ቺንጋ ቀላል ነው፣ ዘይት አይፈልግም፣ አይንጫጫም። ጎማ ግን ቆሞም ያረጃልና ጊዜውን ጠብቆ መቀየር ግድ ነው። ካምቢዮው ስድስት ማርሽ አለው፤ ትንሽ ሞተር ዳገቱን ሳይታፈን የሚወጣው በዚህ ነው። መርገጫዋ በግራ በኩል መሆኑ ግን በቀኝ እግሩ ማስነሳት ለለመደ ሰው አይመችም፤ እኛም አልወደድንላትም።

"ስፖርት" የተባለችው 39 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። "ስትራዳ" የተባለችው ደግሞ ቀና ብሎ ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ተስማሚ ነበረች። ሐሳቡም ተስፋፍቶ ባለ 500 ሞተር ተሠራበት።

ችግሩ ዋጋዋ ነበር። ከአገሯ ውጭ ስትሸጥ ከእሷ ከሚተልቁ የጃፓን ሞተሮች ጋር ዋጋዋ ይቀራረባል፤ ገዢው ደግሞ ሲሲ ይቆጥራል። በ1987 ቤቱ ለካጂቫ ተሸጠ። ስሙ እንደገና ተነሥቶ በ2005 ኮርሳሮ 1200 ሲወጣ ሞተሩን የነደፈው ያው ላምበርቲኒ ነበር። ያም ኩባንያ በ2010 ከሰረ፤ ከ2018 ጀምሮ ባለቤቱ ጆንግኔንግ የተባለ የቻይና ድርጅት ነው። ለድሮዋ ሦስት ተኩል ግን ቺንጋውም ፒስተኑም እስከ ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ይሸጣል። እኛ ሱቅ እስካሁን የጠየቀን የለም።