ከቧንቧው ጀርባ ያለው ቁጥር፦ የኩላሊት እጥበት የደም መንገድ ቀዶ ሕክምናና የኮድ አሰጣጡ ታሪክ

የኩላሊት እጥበት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የመሣሪያው ታሪክ ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ የበሽተኛውን ዕድሜ ሲወስን የኖረው፣ ከመሣሪያው ባልተናነሰ፣ ደሙ ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ዶክተር ቪለም ኮልፍ በኔዘርላንድስ፣ በካምፐን ከተማ፣ አንዲት የ29 ዓመት ወጣት ሴት በእጥበት ሲያክሙ በየጊዜው አዲስ የደም ቧንቧ መክፈት ነበረባቸው። የሚከፈት ቧንቧ ሲያልቅ ሕክምናውም፣ ሕይወቷም አበቃ።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነርና መሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን ደም ቅዳንና ደም መልስን ከቆዳ ውጭ የሚያገናኝ የቴፍሎን ሸንት አዘጋጁ። የመጀመሪያው ታካሚያቸው ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖሯል። ሆኖም ሸንቱ በረጋ ደም ይደፈን፣ ያመረቅዝና ይደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ፣ በብሮንክስ፣ ዶክተር ብሬሺያ፣ ዶክተር ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው በእጅ አንጓ ላይ ሁለቱን ቧንቧዎች ከቆዳ በታች በቀጥታ የሚያገናኘውን ፊስቱላ ለሕክምናው ዓለም በጽሑፍ አስተዋወቁ።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሲፒቲ የተሰኘውን የሕክምና ተግባራት መለያ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሕግ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማንን በሜዲኬር የመንግሥት መድን እንዲታከሙ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ሜዲኬር ሲፒቲን የክፍያ ቋንቋው አደረገው።

ፊስቱላውም ሆነ ሰው ሠራሹ ቧንቧ ከችግር አልዳነም፤ ይጠባል፣ ይደፈናል፣ ያብጣል። ኮዶቹም ይህንኑ ተከትለው ተለያዩ። በግልጽ ቀዶ ሕክምና የረጋ ደም ብቻ ሲወጣ 36831፣ ደም ሳይወጣ ቧንቧው ሲታደስ 36832፣ ሁለቱም በአንድነት ሲከናወኑ 36833 ይሰጣል። ቆዳ ሳይቀደድ በመርፌ ቀዳዳ በኩል ለሚሠሩት ሕክምናዎችም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ36901 እስከ 36909 ያሉት ኮዶች ተመደቡ።

በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሒሳብ ሹም ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ውጤት ነው፤ ምክንያቱ የቧንቧው መጥበብ ነው። ደሙ ወጥቶ ጥበቱ ሳይታረም ከቀረ ቧንቧው ዳግመኛ ይደፈናል። ኮድ ሰጪው ሐኪሙ ያልጻፈውን ሊፈጥር አይችልም፤ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ «ደሙ ወጥቷል» ብሎ ካበቃ፣ ጥበት መኖር አለመኖሩን፣ ከኖረም የት እንደነበረና መታረሙን ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪምም አያውቅም።

በአንድ ሰው አካል ላይ ለእጥበት የሚሆኑ ቧንቧዎች ጥቂቶች ናቸው። ይህም በካምፐን እንደታየው ዛሬም እውነት ነው። ስለዚህ የችግሩን ምክንያት፣ ቦታና የተደረገውን እርማት በጥንቃቄ መመዝገብ የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ ሳይሆን አንዱ አካሉ ነው።